የተማሪ መዝገብ በጊዜው ሲመረመር

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ቈጣሪውም፥ ዳዊት ደጋሚውም፥ የቅኔ ተማሪውም በየዕለቱ በመምህሩ ፊት ይሰማል፤ ስሕተቱም በዚያው ዕለት ይታረማል። ስለዚህ መምህሩ መዝገብ ባይዝም የእያንዳንዱን ተማሪ ብርታትና ድካም ያውቃል። ተማሪው በሺህ በሚቈጠርበት ዩኒቨርሲቲ ግን ይህን ዕውቀት የሚያግዝ በሚገባ የተያዘ መዝገብ ያስፈልጋል።

በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠ ጊዜ፥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 40.65 ነው። ይህ ቍጥር ለብቻው ሲታይ በአገሩ ትምህርት ሁሉ ላይ አንድ ፍርድ የሚሰጥ ይመስላል። ሲከፈል ግን በመንግሥት ተቋማት ያለፉት ከመቶ 62.37፥ በግል ተቋማት ያለፉት ከመቶ 17.2 ሆነው ተገኙ። አንዱ ቍጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሸፍኖ ነበር ማለት ነው። እንደዚሁም የተቋሙ ቍጥር የትምህርት ክፍሎቹን፥ የክፍሉም ቍጥር እያንዳንዱን ተማሪ ሊሸፍን ይችላል።

ስለዚህ ለየደረጃው የሚስማማ መዝገብ አለ። የአገሩ ውጤት በጀት ለሚመድበውና ፈቃድ ለሚሰጠው ባለሥልጣን ይጠቅማል። የትምህርት ክፍሉ መዝገብ ብዙዎች የሚሰናከሉበትን ትምህርት ለይቶ አሰጣጡን ለማረም ይረዳል። የተማሪው መዝገብ ግን የሚጠቅመው በቅርቡ ላለው መምህር ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት የሚታወቀው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ፥ የወደቀው ዳግመኛ ሊፈተን ቢችልም ያለፉትን ዓመታት አይመልስለትም።

በአሜሪካ አገር የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከ800 የሚበልጡ የችግር ምልክቶችን በኮምፒዩተር በየዕለቱ መከታተል ያዘ። ነገር ግን መሣሪያውን ብቻ አላቆመም፤ ብዙ አማካሪዎችንም ቀጠረ። ምልክት በታየ ጊዜ ተማሪውን ጠርቶ የሚያነጋግረው ሰው ነውና።

መዝገብ ያለ ጥንቃቄ ከተያዘ ጕዳትም አለው። የተማሪው የትናንት ድካም ለነገው ዕድሉ መዝጊያ እንዳይሆን፥ ምስጢሩም ለማይመለከተው ሰው እንዳይገለጥ መጠበቅ ይገባል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 መውጣቱም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ አለቆች ሥራ ቍጥር ሰብስቦ ወደ በላይ ማስተላለፍ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ገና ሳይወድቅ መዝገቡን ወደ መምህሩ መመለስ ነው። ከፈተና በኋላ የሚመጣ ቍጥር ያስቈጫል፤ ከፈተና በፊት የሚደርስ ግን ያስተምራል።