ዋጋው ድንጋዩ ላይ አይደለም

የጋሊየምና የኢንዲየም ዋጋ ሲነሳ «የእኛስ ተራራ?» ለምትሉ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ቤተሰቦች፦ ጋሊየም ባብዛኛው ከቦክሳይት፣ ኢንዲየም ከዚንክ ማጣሪያ በተረፈ ምርትነት ነው የሚወጡት። ማጣሪያ በሌለበት ድንጋይ መግዛት ብር መበተን ነው።

ትልቁ ዋጋ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብረቱ ከአልኮል ጋር ተዋህዶ አልኮክሳይድ ይሆናል፤ መስታወት ላይ ተቀብቶ ሲሞቅ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይተዋል። እርጥበት ስለሚያበላሸው ታሽጎ ነው የሚያዘው። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2025 ኢንዲየም ላይ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ስትጥል የዘረዘረችው ውህዶቹን እንጂ ብረቱን አይደለም።

መንዜ ይህን ያውቀዋል፤ የበግ ፀጉር ተሸልቶ ሲሸጥና ባና ሆኖ ሲሸጥ አንድ አይደለም። እኔ የምለው፣ «ጋሊየም አለኝ» ለሚል ደላላ ቀብድ ከመስጠት ልጅን ኬሚስትሪ ማስተማር ያዋጣል።