አይተውት የማያውቁት ጓደኛ

ዛሬም እንደ ልማዴ ከቤቴ ልነሣ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወረታ፣ አባቴ ቤት ነው። ወሩ ኅዳር፣ የፎገራ ሩዝ የሚታጨድበት ሰሞን። ልጄ ኮምፒውተሩን ዘጋና «እማዬ፣ ጓደኞቼን ላገኝ አዲስ አበባ ልሄድ ነው» አለኝ።

«የትኞቹን ጓደኞችህን?»

«ሦስት ዓመት አብረን የሠራን ናቸው። በዓይኔ ግን አይቻቸው አላውቅም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ «አይሆንም!» አልኩ። በስልክ ተዋውቀው፣ ሥራ አለ ተብለው ከቤት ወጥተው የቀሩ ልጆችን ወሬ ስንቴ ሰምተናል!

ልጄ በትዕግሥት አስረዳኝ። በእጃችን ያለው አንድሮይድ ስልክ የተሠራው ሊኑክስ በሚባል ነገር ላይ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የፊንላንድ ተማሪ ጀመረው፤ አሠራሩን ለሁሉም ክፍት ስላደረገው በየአገሩ ያሉ ሰዎች እያረሙና እየጨመሩ አሳደጉት። የእኔ ልጅና ጓደኞቹ ደግሞ እንዲህ ያሉ ክፍት ፕሮግራሞችን ወደ አማርኛ ይመልሳሉ።

«ደመወዙ ስንት ነው?» አልኩ።

«ደመወዝ የለውም።»

በረንዳው ላይ ማጭዳቸውን ይሞርዱ የነበሩት አባቴ ቀና አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ደመወዝ ያለው ወንፈል የት አየሽ? ዛሬ የእኔን ያጭዳል፣ ነገ የእሱን አጭዳለሁ። ለመሆኑ ሩዙን ማን ያሳየን ይመስልሻል? የማናውቃቸው ሰዎች አይደሉም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ሩዝ ፎገራ ላይ የተለመደው በ1970ዎቹ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ዛሬም የዚያን ቀበሌ ስም ይዟል።

ማታ ላይ ልጄ ያልነገረኝን ነገረኝ። ከጓደኞቹ አንዱ ሥራውን በየጊዜው «ትክክል አይደለም፤ ድገመው» እያለ ይመልስበታል። ሰላምታ የለ፣ ምክንያት የለ። «ይንቀኛል መሰለኝ። ልተወው ነበር፤ ግን ፊቱን ሳላይ አልወስንም» አለኝ። እኔም «እንግዲያስ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። በማግሥቱ ተሳፈርን።

ስብሰባው በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ነበር። በር ላይ ወጣቶቹ መታወቂያቸውን እያወጡ ሲተያዩ ሳይ ገረመኝ። ልማዱ ዴቢያን ከሚባል ማኅበረሰብ እንደመጣ ነገሩኝ። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመረ፤ ሰዎቹ በየዓመቱ በተለያየ አገር ይሰበሰባሉ፣ በ2016 ኬፕታውን ነበሩ። እዚያ አንድ አዲስ ሰው እንዲታመን ነባሮቹ በአካል ያገኙታል፤ መታወቂያውን አይተው በኮምፒውተር የሚፈርምበት ቁልፍ በእርግጥ የእሱ መሆኑን ይመሰክሩለታል። ይህን ስሰማ ግማሹ ጭንቀቴ ወረደ።

ያ «ድገመው» ባዩስ? ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ለካ የራሱ ኮምፒውተር የለውም፤ ከሥራ ሲወጣ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በደቂቃ እየከፈለ ነው የሚጽፈው። «ሰላምታው ሂሳብ ይቆጥርብኛል» አለ እያፈረ። ልጄ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ሳቁ።

ምሳ ላይ ስለ አንድ ቃል ተከራከሩ፤ ወጡ እስኪበርድ። አላስፈላጊ ፎቶ የሚወገድበት ቁልፍ «አጥፋ» ይባል ወይስ «ሰርዝ»? ወደ እኔ ዞሩ። «አባቴ ‹አጥፋ› የሚል ቢያዩ ስልኩ ሊዘጋ ነው ብለው አይነኩትም» አልኳቸው። ያ ዓይን አፋር ልጅ ቶሎ ብሎ ጻፈው።

ከዚያ ወዲህ፣ ልጄ በኢንተርኔት ስለተዋወቀው ሰው ሲያወራኝ «ማነው?» ብቻ ብዬ አላቆምም። «አብራችሁ ምን ሠራችሁ? እስቲ አሳየኝ» እላለሁ። የሚታይ ሥራ ከሌለ፣ ገንዘብ ወይም ፓስፖርት ከተጠየቀ፣ «ለቤተሰብ አትንገር» ከተባለ፣ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ሥራው ካለ ግን መገናኘቱን አልከለክልም፤ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ አብሬ ልሂድ። በጽሑፍ የተጣሉ ልጆች ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚታረቁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጽሑፍ ፊት የለውማ።

አባቴ ዛሬም አጨዳ በደረሰ ቁጥር ልጄን ይጠይቁታል፦ «ያ ቁጡው ጓደኛህ ደኅና ነው? ማጭድ መያዝ ይችላል?»