ገንዘቡ የኛ፣ ካርታው የማን?

በጅጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌና በቀብሪበያህ የተለመደ ነገር አለ። አንድ የታወቀ ነጋዴ ይነሣና «ሕንፃ ልሠራ ነው፣ የምትገቡ ግቡ» ይላል። ገንዘቡ ከገበያው ይመጣል፤ ከሚኒያፖሊስ፣ ከቶሮንቶና ከለንደንም ይመጣል። ያዋጣው ሰው ሲሚንቶ አይቆጥርም፣ ኪራይም አይሰበስብም። ቁጭ ብሎ ድርሻውን ይጠብቃል። አሜሪካኖቹ ይህን ዓይነቱን መዋጮ ሲንዲኬሽን ይሉታል። እስልምናው ግን ከነሱ ብዙ ዘመን ቀድሞ «ሙዳረባ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ገንዘብ ከአንዱ፣ ሥራ ከሌላው፣ ትርፉ በስምምነት። ኪሳራ ቢመጣ ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣሉ፤ ሠራተኛው አጥፍቶ ካልሆነ በቀር።

ነገሩ በራሱ መልካም ነው። ወለድ አልነካም ለሚል ሕዝብ ደግሞ ዋናው መንገድ ነው። የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ አድጎ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅጅጋ የሆነ ሸበሌ ባንክ የተባለው፣ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። ጥያቄያችን ወዲህ ነው፦ ለመሆኑ ድሩ የታሰረው በማን ስም ነው?

አርባ ሰው አምስት አምስት መቶ ሺህ ብር አዋጣ እንበል። 20 ሚሊዮን ብር ሆነ። የሊዝ ውሉ በአሰባሳቢው ስም፣ የግንባታ ፈቃዱ በአሰባሳቢው ስም፣ የባንክ ሒሳቡም በአሰባሳቢው ስም ነው። ሰውየው ታማኝ ነው እንበል። ታማኝ ሰው አይሞትም እንዴ? ሲሞት ወራሾቹ ካርታውን ይዘው ይመጣሉ። በሌላ ንግዱ ቢከስርስ? አበዳሪው በስሙ ያለውን ሕንፃ ያስከብራል። ያኔ ሠላሳ ዘጠኙ ሰዎች በሕግ ፊት ማን ናቸው? ሕጉ እንዲህ ያለውን ያልተመዘገበ ሽርክና «የእሽሙር ማኅበር» ይለዋል። የሕግ ሰውነት የለውም። የውጭ ሰው የሚያውቀው ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ብቻ ነው።

«እኛ እኮ ሽማግሌ አለን» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው፣ አላቸው። በሶማሌው ባህል አንድ ሰው ቢያጠፋ ጎሣው አብሮ ይከፍላል። ይህ ዋስትና ብዙ የባንክ ወረቀት ያልቻለውን ሲሸከም ኖሯል፤ እኛም አንንቀውም። ነገር ግን የሚሠራው ለዘመድ ነው። ጅጅጋ ውስጥ ተወልዶ ያረጀው የጉራጌ ባለሱቅ፣ የአማራው ልብስ ሰፊ፣ የሐረሪው ነጋዴ በየትኛው ጎሣ ይጠየቅለት? ከጎሣው ራቅ ብሎ የሚኖረው ሶማሌስ? ዘመድ ለሌለው ሰው ያለው ዘመድ ወረቀት ብቻ ነው። ከተማይቱ የሁሉም ነዋሪ ትሁን ከተባለ መዋጮዋም ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት።

ይህን የምንለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም በጅጅጋ ሰው ተገደለ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። በዚያ ቀን የወደመ ንብረት ውስጥ ወረቀት የሌለው ድርሻ የነበረው ሰው ምን ይዞ፣ ማን ዘንድ ሄዶ «የኔም አለበት» ይላል? ተራ የእሳት ኢንሹራንስም ቢሆን የሁከት ሽፋን ለብቻው ካልተገዛ ብዙውን ጊዜ አይከፍልም።

የአዲስ አበባውስ ጉድ ቢሆን? የአክሰስ ሪል እስቴትን ነገር ያልሰማ የለም። ከ2 ሺህ በላይ ቤት ገዢዎች ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ከፍለው ቤቱን ዓመታት ጠበቁ፤ ኮሚቴ አቋቁመው ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። ያ ኩባንያ የተመዘገበ፣ ጽሕፈት ቤት ያለው፣ በጋዜጣ የታወቀ ነበር። የተመዘገበው እንዲህ ካደረገ ያልተመዘገበው ምን ሊያደርግ ነው?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። በ2013 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ ገንዘቡን ሰጥቶ በሥራ አመራር ለማይገባ ሸሪክ የተለየ ቦታ አለው፤ ኃላፊነቱ ባዋጣው ልክ ይቆማል። እጁን ወደ አመራሩ ካስገባ ግን ይህን ጥበቃ ያጣል። እስከ 50 አባል የሚይዝ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም አለ። ለሕዝብ በይፋ አክሲዮን ልሽጥ የሚል ደግሞ በዚያው ዓመት የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ አስመዝግብ ይለዋል። እንግዲህ «የምትገቡ ግቡ» ተብሎ በየስልኩ የሚላከው ጥሪ ከዚህ ሕግ የት ጋ ይወድቃል? መልሱን ሊነግረን የሚገባው መንግሥት ነው።

እዚህ ላይ ነው የኛ ቅሬታ። የፌዴራሉ አዋጅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል። በሶማልኛ ብቻ የሚያነብ የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ ሕግ ጣሰ ተብሎ ሲከሰስ ነው እንዴ ሕጉን የሚያውቀው? መሬቱንም ሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ነገር ግን መዝገቡ ያለው በቢሮክራቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለንግድ የሚሰጠው ሊዝ ከአዲስ አበባ ውጭ እስከ 70 ዓመት ይደርሳል ይባላል። በነዚህ 70 ዓመታት ስንት አስተዳደር ይቀያየራል? በአንዱ ዘመን የተሰጠ ቦታ በሌላው ዘመን ላለመነካቱ ዋስትናው ምንድን ነው? አሰባሳቢው ካርታውን በራሱ ስም የሚያደርገው ሁልጊዜ ሊያጭበረብር ስለፈለገ አይደለም። በአርባ ሰው ስም ፋይል ማስከፈት መከራ ስለሆነበትም ነው። የክልሉ መንግሥት ይህን በር ቢከፍት ከብዙ ስብሰባ ይበልጥ ልማት ነበር።

እስከዚያው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ገንዘብ ከመስጠትህ በፊት ማኅበሩ መመዝገቡን ጠይቅ፤ ካርታው በማኅበሩ ስም ይሁን። ገንዘቡ በሁለት ፊርማ በሚወጣ ሒሳብ ይቀመጥ። አሰባሳቢው ከራሱ ኪስ ስንት እንዳስገባና ለድካሙ ስንት እንደሚወስድ በቁጥር ይጻፍ። ድርሻህም በምን እንደሚለካ ይታወቅ። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አስቀድሞ 10 ሺህ ዶላር የላከው ወንድምህ 570 ሺህ ብር አስገባ፤ በኋላ ያንኑ 10 ሺህ ዶላር የላከው ግን ከሚሊዮን በላይ አስገባ። ድርሻቸው እኩል ነው ወይስ እጥፍ? ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ ወንድማማች ያጣላል። መውጣት የሚፈልግ ሰው ድርሻውን ለማን፣ በምን ዋጋ እንደሚሸጥም ይጻፍ። ግንባታው ከግማሽ ሳይደርስ ሊዙ ይተላለፍ ቢባል የመሬቱ ዋጋ ጭማሪ አብዛኛው ለመንግሥት እንደሚገባም አትርሳ።

«ወረቀት መጠየቅ አለማመን ነው» የሚል ካለ፣ ቁርኣኑም ለዕዳ ውል ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ እንደሚል እናስታውሰው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን ሞኙ ወረቀት ያልያዘው ነው።