ፍልሰታና ነጭ ዓሣ

ጾም ሲገባ ፒያሳ አፍንጮ በር አካባቢ ያሉት ዓሣ ቤቶች ይደምቃሉ። ቆሮሶው ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ የፈላ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ይወጣና ከሎሚ፣ ከዳጣና ከዳቦ ጋር ይቀርባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። እኔን ያሳሰበኝ መጠኑ ነው። ጠባሿን “ምነው እንዲህ አነሰ?” ብላት፣ “ምን ላድርግ ወንድሜ፣ የሚመጣልኝ ይኸው ነው። ድሮ አንዱ ያጠግብ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ያዛሉ” አለችኝ።

ሰበቡን ለአየር ንብረት ለውጥ ሰጥቶ መገላገል ይቻላል። ባለሙያዎቹ ግን የአንድን የዓሣ ሀብት ተጋላጭነት ሲመዝኑ ሙቀቱን ብቻ አያዩም። ሙቀቱና የዝናቡ መዛባት ምን ያህል ያገኘዋል? ሲያገኘውስ ምን ያህል ይጎዳል? ጉዳቱን የመቋቋም አቅም አለው ወይ? ብለው ይጠይቃሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣና 132 አገሮችን ያወዳደረ ጥናት በዚሁ ሚዛን መዝኖ፣ ክፉኛ ከሚጎዱት መካከል የመካከለኛውና የምዕራብ አፍሪካ አገሮችን አስቀምጧል።

በእኛ አገር መላው የሚጠፋው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ የደረቀው ዝናብ ስላነሰ ብቻ አልነበረም፤ ለከተማም ለጫትና ለአትክልት ማሳም ያለ ልክ ሲቀዳ ነው የኖረው። አብያታም እንዲሁ ነው። የሶዳ አሽ ፋብሪካው ከራሱ ከሐይቁ ሲስብ ኖሯል፣ መጋቢው ቡልቡላ ደግሞ ለመስኖ ይጠለፋል። ሐይቁ ሲሸሽ ዓሣው አለቀ። ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው አብያታ እየበረሩ ዓሣ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖችም ሄዱ። አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነው ዝዋይም ይቀዳል። እንዲህ በሳሳ ውኃ ላይ አንድ ድርቅ ሲጨመርበት አስቡት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጣና ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይዋኛሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለው፣ ጥሩ አየር ባለው ወራጅ ውኃ ውስጥ ነው። ዝናቡ ከዘገየ ወይም ጎርፉ አፈር ይዞ ጠጠሩን ከደፈነው የዓመቱ ትውልድ ይበላሻል። ይህ የአየር ንብረቱ ፋንታ ነው። የእኛ ፋንታ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ነው፤ ዓሣው ተሰብስቦ በሚያልፍበት ጠባብ መንገድ፣ እንቁላሉን ገና ሳይጥል። በሞተር ጀልባ ማጥመድ በ1978 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መውረዱን አጥኚዎች መዝግበዋል። እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁ ላይ የታየው ከዚያ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ነው። ጥፋቱን ሁሉ ለእምቦጭ ለሚያሸክም ሰው ይህን ቅደም ተከተል አስታውሰዋለሁ።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ነጭ ዓሣው ወደ ወንዝ የሚወጣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። ከተሜው ዓሣ የሚያምረው፣ ነጋዴውም ዋጋ የሚጨምረው ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል መንገድ በጀመረበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ተጋላጭነትን የሚመዝን ሰው የሐይቁን ሙቀት ለክቶ ቢመለስ ሥራው ጎዶሎ ነው፤ የፒያሳንም ምግብ ቤቶች መቁጠር ይኖርበታል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዝናቡን የሚያዝ ቢሮ የለም፤ ክረምት ላይ የአራት ወንዞችን አፍ መጠበቅ ግን ለአንድ ክልል ከአቅም በላይ አይደለም። እስከዚያው እናንተም በፍልሰታ ዓሣ ስታዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የጣና ነጭ ዓሣ ነው ካሏችሁ ሽሮ እዘዙ።