የሾፌሩ ራዲዮና የእኛ ጆሮ

ከሰበታ በዓለም ገና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ አድርገን በጠዋት ወደ አዲስ አበባ ስንገባ ከጸሎታችን ቀጥሎ የምንሰማው የታክሲውን ራዲዮ ነው። ብዙ ጊዜም ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር፣ የእነ ጥላሁን ገሠሠንና የእነ ብዙነሽ በቀለን ዘመን ዘፈኖች የሚያሰማ የግል ጣቢያ። በየኅብረቶቻችንም «አማኝ ይህን ይስማ ወይስ ጆሮውን ይድፈን?» የሚለው ክርክር እስካሁን አላባራም።

ይድፈን የሚሉት ገላትያ 5፥21ን ይጠቅሳሉ። በ1954ቱ ትርጉም ከሥጋ ሥራ መካከል «ዘፋኝነት» ተቆጥሯል። ከጀርባው ያለው የግሪክ ቃል ግን «ኮሞስ» ነው፤ የሰከሩ ሰዎች በሌሊት እየጮኹና እየጨፈሩ በመንደር የሚዞሩበት ፈንጠዝያ ማለት ነው። ስለ እናት፣ ስለ አገር፣ ስለ ናፍቆት የተዜመውን ሁሉ በዚህ ቃል ማውገዝ ቃሉ ያላለውን ማስባል ይመስለናል። (ዝሙትን የሚያሞካሽ ዘፈን ግን ስላረጀ ብቻ አይቀደስም።)

ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ሲሰብክ የአሕዛብን ባለቅኔዎች ጠቅሷል፤ ሐዋርያት ሥራ 17፥28ን አንብቡ። የጠቀሰው ቃል አራጦስ በተባለ ገጣሚ ሥራ ውስጥ ይገኛል፤ ግጥሙም የሚጀምረው ዜውስን በማወደስ ነው። ሐዋርያው ያን ግጥም ያውቀው ነበር፤ ስለዚህም ለአቴና ሰዎች ከሚያውቁት ተነስቶ ወደማያውቁት ጌታ ሊመራቸው ቻለ።

አጠገባችን የተቀመጡ እናት የድሮ ዘፈን ሰምተው ዓይናቸው እንባ ቢያቀር፣ «እናቴ፣ ማንን አስታወሰዎት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሞተ ባል፣ የተሰደደ ልጅ፣ ጦር ሜዳ የቀረ ወንድም ይሆናል። ከሰበታ አየር ጤና እስኪደረስ ብዙ ይወራል። ፊታችንን ካዞርንባቸው ግን ስለ ጌታ የምንነግራቸውን በየትኛው ጆሯቸው ይሰሙናል?

ራዲዮ ራሱ «የዓለም» ነው ለምትሉም ታላላቆቻችንን ጠይቁ። የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወንጌልን ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ያሰማ ነበር፤ ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ወረሰው።

እኛን ከዘፈኑ ይልቅ የሚያሳስበን በየመካከሉ የሚገባው ማስታወቂያ ነው፤ «ይህን ካልገዛህ ቀረብህ» የሚለው። የቢራውን እንኳ ሕግ በ2011 ዓ.ም. ከራዲዮ አስወጥቶታል። የቀረው ምኞት ግን በየቀኑ ይሰበክልናል፤ እርሱን ስንሰማ ጆሮውን የሚደፍን ሰው አላየንም።

አንድ ነገር እንጨምር። መጠጥን ትቶ ወደ ጌታ የመጣ፣ አንድ የድሮ ዜማ ሲሰማ የመጠጥ ቤቱ ወንበር ትዝ የሚለው ወንድም አለን። ሮሜ 14 ስለ እርሱም ተጽፏል። እርሱ አብሮን ባለበት ቤት ራዲዮውን ቀድመን የምናጠፋው እኛ እንሁን፤ ለምን እንደሆነም አንጠይቀው።