«አገር ስጠኝ»

በክረምት ማታ ዝናሙ ሰውን ሁሉ ከቤት ሲያውለው፥ ልጆች በምድጃ ዙሪያ ተሰብስበው «እንቆቅልሽ»፥ «ምን አውቅልህ» መባባላቸው የቆየ ልማዳችን ነው። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም የአንድ ከተማ ስም ይሰጣል። ጠያቂውም በተሰጠው አገር ያገኘውን ተድላ ተርኮ፥ ያላወቀውንም አሹፎበት፥ በመጨረሻ መልሱን ይነግረዋል።

ባለፈው ክረምት እንጅባራ በአንድ ወዳጄ ቤት አምሽቼ ይህን ጨዋታ ስሰማ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ልጆቹ የሰጡት አገር ሁሉ ዱባይ፥ ለንደን፥ አሜሪካ ነበር። ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ያነሣ የለም፤ ዳንግላን ወይም ቻግኒን የጠራ የለም። ወዳጄንም፥ «ልጆችህ ያልያዙትን አገር ይሰጣሉ» አልሁት።

በባሕር ማዶ ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ። በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን በተወ ጊዜ፥ አንድ ሰው በኦሪገን ዱር ውስጥ ዕቃ የያዘ ባልዲ ሸሽጎ ስፍራውን በቁጥር አስታወቀ፤ ፈላጊዎችም ሄደው አገኙት። ዛሬ አንዳንዱ ሸሻጊ ቁጥሩን በግልጥ አይሰጥም፤ አስቀድሞ በቦታ ስም ላይ የተሠራ እንቆቅልሽ መፈታት አለበት። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለምና፥ በማግሥቱ እኛም በቤት ውስጥ ሞከርነው። ዳቦ ቆሎ የሞላበት ሙዳይ ሸሽገን ሦስት ወረቀት ጻፍን።

የመጀመሪያው፥ «ስጠጣ እመርራለሁ፥ ስከፈት አሳልፋለሁ» ይላል። ልጆቹ ተጨነቁ። አያታቸው ግን ከጥግ ሆነው፥ «ይህች ከተማችን ኮሶ በር ስትባል አልሰማችሁምን?» አሉ። ሰሙ ከተማዋ፥ ወርቁ በሩ ነውና ሁለተኛው ወረቀት ከበሩ ኋላ ተገኘ። እርሱም፥ «ሰንበት ነኝ፤ ዘመን ቢያልፍብኝም አላረጅም» ይላል። ታናሺቱ ልጅ፥ «አዲስ ቅዳም!» ብላ ጮኸችና ወደ ግድግዳው የዘመን መቁጠሪያ ሮጠች። ሦስተኛው፥ «ስሜን ስትጠሩ ውሸታም ትሉኛላችሁ፤ እኔ ግን ክረምት ከበጋ መንገዴን አልስትም» ይላል። ወንዙ በዐይኑ ዐ፥ ሐሰተኛው በአልፋው አ ቢጻፉም፥ ለጆሮ ዓባይና አባይ አንድ ናቸው። ምንጩም ከአዊ አጠገብ በሰከላ፥ ግሽ ዓባይ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ወደ ውኃው እንስራ ሄደች።

ሙዳዩ ግን በዚያ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ አንዱንም ወረቀት ሳያነብ፥ የዳቦ ቆሎውን ሽታ ተከትሎ ወስዶት ኖሮ በጓዳ ሲበላ ተገኘ። ልጅቱ አለቀሰች። አባትየው ስቆ፥ «ያገኘ ይብላ» ሊል ሲል እኔ የሶምሶንን እንቆቅልሽ አነሣሁ። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈ፥ ሠላሳው ጐልማሶች ሚስቱን አስፈራርተው መልሱን አገኙ፤ መልሱ ትክክል ነበር፥ የተገኘበት መንገድ ግን ደም አፈሰሰ።

አያቲቱ ፈረዱ፤ «ሳይፈታ የበላ አገር ይስጥ» አሉ። ልጁም፥ «ዱባይ» አለ። «ዱባይን እኔ የት አውቃታለሁ? አንተስ የት ታውቃታለህ? የምታውቀውን ስጠኝ» አሉት። ብዙ ዝም ብሎ፥ «ዳንግላ» አለ። «በዳንግላ ምን አለ?» ሲሉት ግን መልስ አጣ። አባቱ የተወለደው በዚያ ነው!

አባትየው ያን ጊዜ ሳቁን ተወ። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ስለ ገበያው፥ ስለ ፈረሱ፥ ስለ ተማረበት የቄስ ትምህርት ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ነገረው። እኔም የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በዳንግላ ተቀምጦ፥ ከዚያ እየተነሣ ጣናንና የዓባይን ሸለቆ እንደ መረመረ፥ መጽሐፉንም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. እንዳሳተመ ጨመርሁ። እንግዳው ሰው ያን ያህል ደክሞ ያወቀውን አገር፥ የአገሩ ልጅ ስሙን ብቻ ሰጠን።

ወላጆች ሆይ፥ ስሕተቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ያልነገርነውን ከየት ያመጣዋል? ከአዊ የቦታ ስሞች ብዙዎቹ የሚፈቱት በአዊኛ ነው፤ መፍቻውም በአያቶች አፍ ነው። አያት ሲያርፉ መፍቻው አብሮ ይቀበራልና ሳይመሽ ጠይቋቸው።

የጂኦካሺንግ ሰዎች አንድ መልካም ሥርዓት አላቸው፤ ከዕቃው የወሰደ በምትኩ የማያንስ ነገር ይተዋል። ያ ልጅም የቀረውን ከእኅቱ ጋራ ተካፍሎ፥ በባዶው ሙዳይ ስለ ዳንግላ ራሱ የጻፈውን እንቆቅልሽ አኖረበት።

እነሆ፥ ለእናንተም አንድ፦ «ቀድሞ መንቆረር ነበርሁ፤ ዛሬ ተራራም ወንጌላዊም ነኝ።» መልሱን ያጣ አገር ይስጥ፤ የሚሰጠውን አገር ግን አስቀድሞ ይወቀው።