ማንም የማይጠረጥራቸው ወይዘሮ

ዶሮቲ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመችው የመጀመሪያው የወይዘሮ ፖሊፋክስ ልቦለድ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ መታየቱ ያሳዝነኛል። መጽሐፉ ያስቃል፤ ዕድሜ ስለሚያስገኘው ችሎታ ግን ከብዙ ኮስታራ የስለላ ልቦለዶች የበለጠ ይነግረናል። ባለታሪኳ በኒው ጀርሲ የሚኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸውና ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለው የራቋቸው ሴት ናቸው። ቀናቸውን በበጎ አድራጎት ሥራ ይገፋሉ፤ መኖር ግን ሰልችቷቸዋል። ሐኪማቸው ዕድሜ ልክዎን የተመኙት ነገር አልነበረም ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሰላይ የመሆን ምኞታቸው ትዝ ይላቸዋል፤ ተነሥተውም ሲ.አይ.ኤ. ቢሮ ድረስ ሄደው ሥራ ይጠይቃሉ። ሹሙ ካርስቴርስ ሜክሲኮ ሲቲ የሚልከው፣ ሲያዩት ቱሪስት የሚመስል ሰው ይፈልግ ነበርና ይቀበላቸዋል።

ይህ የማይሆን ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። የታሪክ መዝገብ ግን ለደራሲዋ ይመሰክራል። አሜሪካዊቷ ሰላይ ቨርጂኒያ ሆል እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመን ወደያዘችው ፈረንሳይ የተመለሰችው ፀጉሯን አሽብታ፣ እንደ ገጠር አሮጊት ለብሳና እግሯን እየጎተተች ነበር፤ የጌስታፖን ዓይን ለማምለጥ የመረጠችው መሸሸጊያ እርጅና ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ሜሊታ ኖርዉድ በጸሐፊነት ከሚሠሩበት የብረታ ብረት ምርምር ማኅበር የአቶም ምስጢር ለሶቪየት ኅብረት ሲያቀብሉ ኖረው፣ ጉዳያቸው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ87 ዓመታቸው ነው። አንዲትን ሴት ማንም ልብ ብሎ ካላያት ማንም አይጠረጥራትም፤ ጊልማን ታሪኳን የገነባችው በዚህ ላይ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሲ.አይ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1953 በኢራን፣ በ1954 በጓቲማላ መንግሥት ያስገለበጠ ድርጅት ነው፤ በልቦለዱ ውስጥ ግን የጨዋ ሰዎች ቤት ይመስላል። ይህ እውነተኛ ድክመት ስለሆነ መከላከል አልፈልግም። ሆኖም የመጽሐፉ ልብ ያለው ቢሮው ውስጥ ሳይሆን ወይዘሮዋ ከሜክሲኮ ታፍነው በተወሰዱበት የአልባኒያ እስር ቤት ነው። ወይዘሮ ፖሊፋክስ እዚያ ሲታሰሩ ያገዛቸው ከድርጅቱ የተማሩት ነገር አይደለም፤ ሥልጠና የሚባል አልተሰጣቸውምና። ጠባቂዎቻቸውን እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ሰው ያዋራሉ፤ አንዱን ጀርባውን ሲያመው ያሹለታል። ልጅ ሲያሳድጉና ሕሙማንን ሲጠይቁ የለመዱት ትዕግሥት መውጫ መንገድ ይከፍትላቸዋል። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የኮሚኒስት ወህኒ ጠባቂን የሚራራና የሚታመም ሰው አድርጎ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል፤ ጊልማን ያንን ማድረግ የቻለችው ታሪኩን በጨዋታ መልክ ስለጻፈችው ነው። ኮስታራው የስለላ ልቦለድ ለእንዲህ ዓይነት ጠባቂ ብዙም ቦታ አልነበረውም።